የአባባ አነዳድ አይደለም

ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ለዘሪሁን፣

እንደምን ከረምክልኝ? ጤናህ እንዴት ነው? ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ተቀምጠህ የሚያምህ ወገብህ ተሻለው ወይ? የዶሃ ሙቀትስ ጋብ አለላችሁ ወይስ አሁንም ሰው ይጠብሳል? ምሳህን በሰዓቱ ትበላለህ? ለዚህኛው ጥያቄ እውነቱን መልስልኝ፤ ሙቢና «ከስቷል» ብላ አስቀድማ ነግራኛለችና ብትዋሽ አያዋጣህም። እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልሆንም። የጭላሎ ብርድ ዘንድሮ ቸኩሎ ገብቶ ሁላችንንም በጋቢ ጠቅልሎናል። ገብሱ አምሮበታል፤ ከሳጉሬ እስከ ኢተያ መንገዱ ግራና ቀኙ ቢጫ ሆኗል። ማሂ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስምህን በጠራች ቁጥር ምራቋ ይረጨናል፤ «አጎቴ ሲመጣ ጥርሴ በቅሎ ይጠብቀዋል» ትላለች።

ይህን ደብዳቤ ይዛልህ የመጣችው ያቺ ከበራችን ፊት ለፊት ስታድግ ያየሃት የአቶ ቱፋ ልጅ ሙቢና ናት። እህቷን ልትድር መጥታ ሐሙስ ወደ እናንተ ትመለሳለች። በሶና ቆሎም አስይዣታለሁ፤ ግማሹን መንገድ ላይ ብትበላው አትቆጣት። «ለምን በስልክ አልነገርሽኝም» እንዳትለኝ። አንተ ስትደውል «ደኅና ናችሁ? ደኅና ነኝ፤ በሉ ቻው» ነው። መኪናችን የተሰረቀች ዕለት እንኳ «ተገኘች?» አልከኝ፤ «ተገኘች» አልኩህ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለህ ዘጋህ። እኔ እኮ ያን ሁሉ ጉድ አፌ ላይ ይዤ ቀረሁ! ወረቀት ግን መሃል ላይ አይዘጋም፤ እስከ መጨረሻው ታነበኛለህ።

ከሁሉ በፊት የምለምንህን ልለምንህና ልገላገል። ለአባባ ደውልላቸው። ለእኔ አይደለም፣ ለአባባ። እማማ ካረፈች በመጪው ኅዳር ሦስት ዓመት ይሞላታል፤ አንተና አባባ ከተኳረፋችሁም እንዲሁ። አሠሪህ ፓስፖርትህን ይዞ አልሰጥም እንዳለህ እኔ አውቅ ነበር። አባባ ግን በቀብሯ ዕለት ሐዘኑ አናታቸው ላይ ወጥቶ «እናቱን አፈር ያላለበሰ ልጅ የለኝም» አሉህ። አንተም ስልኩን ዘጋህ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው «ወንድምሽ ምን አለ?» ይሉኛል፤ አንተ «እነ አባባ ደኅና ናቸው?» ትለኛለህ፤ መሃል ላይ እኔ ደላላ ሆኜ ቀረሁ። ሰለቸኝ ዘሪዬ። እውነቴን ነው፣ ሰለቸኝ። ይህ የምጽፍልህ የመኪና ሌብነት ታሪክ ቢመስልህም ከዚሁ ጉዳይ አይወጣም።

አባዱላዋ ከተገዛች ዓመት ከሁለት ወር ሆናት። ገንዘቡን ስትልክ አንድ ነገር ብቻ ነበር ያዘዝከኝ፤ መንገድ ሳትጀምር ጂፒኤስ ይገጠምላት አልክ። እኔም መናኸሪያው አጠገብ፣ ከጎሚስታው ቀጥሎ ባለችው ሱቅ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራው ኖህ ዘንድ ወሰድኳት። ኖህ የክብሪት ሣጥን የምታክል ዕቃ ከመሪው ሥር ከሽቦው መሃል ቀበረና ለአንተም ለእኔም ስልካችን ላይ ከፈተልን። መኪናዋ በሄደችበት ሁሉ ካርታው ላይ ቀይ ነጥብ ሆና ትሄዳለች፤ ፍጥነቷ ይታያል፤ የት ስንት ሰዓት እንደቆመች ይመዘገባል፤ ከተሰረቀች ደግሞ ኖህ ሱቁ ቁጭ ብሎ ሞተሯን ሊያጠፋው ይችላል። እኔ ይህን ሁሉ ለአባባ ሳስረዳ «ለሌባ ነው አባባ፣ ለሌባ» እያልኩ ነው። እሳቸው ግን ፊታቸው ተለዋወጠ። «ሠላሳ አንድ ዓመት የእርሻ ልማት መኪና ስነዳ አንዲት ዶሮ አልገጨሁም። አሁን በስተርጅና የገዛ ልጄ ጆሮ ጠቢ ይለጥፍብኝ?» ብለው ሦስት ቀን መኪናዋን አልነኳትም።

ይህ ነገር ሆዳቸው ገብቶ ቀረ። የት ዋሉ፣ ምን ሠሩ እያልክ ከሩቅ የምትቆጣጠራቸው መሰላቸው። እንዲያውም ጉዱን ልንገርህ፤ ጠጅ ቤት ሲሄዱ መኪናዋን ገብርኤል ደጅ አቁመው የቀረውን በእግራቸው ይሄዱ ነበር! ነጥቧን ብቻ ላየ ሰው አባታችን ሲጸልዩ ነው የሚውሉት። አንተም «አባባ መንፈሳዊ ሆኑ» ሳትል አልቀረህም። ይቅር ይበላቸው፤ ገብርኤልም ይቅር ይበለኝ፣ እኔ እያወቅኩ ዝም ብያለሁና።

አሁን ወደ ሌባው ልምጣ። መስከረም ሃያ አንድ ቀን ጋሽ ግዛቸው አረፉ። ብስክሌትህን በሰበርክ ቁጥር «አሁንስ አልጠግንም» እያሉ የሚጠግኑልህ ጋሽ ግዛቸው። ነፍሳቸውን ይማር። አባዱላዋ ከመጣች ወዲህ የእድራችን ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት የሚመላለሰው በእሷ ነው። አባባ ታዲያ «የለቅሶ ቀን ቁልፍ ኪስ አይገባም» ይላሉ። ቁልፏ እዚያው እንደተሰካ ይውላል፤ ውሃ የሚያመጣው፣ ለመቃብር ቆፋሪዎች አካፋና ዶማ የሚያደርሰው፣ እጁ ሥራ ያልያዘ ሁሉ አስነስቶ ይሄዳል። በሰፈራችን ለቅሶ ላይ ሰውን «ማን ነህ? የማን ዘመድ ነህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር እንደሆነ ታውቃለህ። ያዘነ ሰው መታወቂያ አይጠየቅም።

ሌባው ይህን አመላችንን አጥንቶ ነው የመጣው። ጎልማሳ ነው፣ ቀላ ያለ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ የለበሰ። ከቀብሩ ዕለት ጀምሮ አብሮን ነበር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? እሱ ግን ያለ አንጀቱም እንባ አልቸገረውም። አለቃቀሱን ብታየው፣ ከጋሽ ግዛቸው ልጆች ይብስ ነበር። የሟች ቤተሰቦች የእድር ሰው ነው አሉ፤ እኛ የእድሩ ሰዎች ደግሞ ከአርቦዬ የመጣ የሟች ዘመድ ነው አልን። እኔ ራሴ «ብላ እንጂ ወንድሜ፣ እንዲህ አይሆንም» ብዬ ንፍሮ ሁለት ጊዜ ጨምሬለታለሁ። እጄን በቆረጠው!

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲፈርስ ከሁሉም የበረታው እሱ ነበር። ካስማ ነቀለ፣ ድንኳኑን አጥፎ ፖርቶመጋላው ላይ አሰረ፣ ብረት ድስቶቹን ከኋላ ወንበር ሥር ደረደረ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ፊሊጶስ «እንዲህ ያለ ልጅ ይውለድልን» ብለው መረቁት። ከዚያ መሪው ላይ ተቀመጠ። አባባ ከግንቡ ሥር ሆነው ሲያዩት ዕቃውን ወደ እድሩ መጋዘን ሊያደርስ መስሏቸው ከተቀመጡበት ተነሥተው ሄዱና በመስኮቱ በኩል «ልጄ፣ ሁለተኛ ማርሿ ታስቸግራለች፤ ወደ ራስህ ሳብ አድርገህ ነው ወደ ታች የምታስገባት። ደግሞ ቀስ በል፣ ድስቶቹ እንዳይጋጩ» አሉት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባቴ» ብሎ አንገቱን ሰበር አደረገና ሄደ። ሌባውን አሠልጥነው የላኩት አባታችን ናቸው ማለት ነው።

እኔ ጓሮ ሳህን እያጠብኩ ነበር። ስልኬ ከቦርሳዬ ጋር ጓዳ ተሰቅሏል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ይመስለኛል እጄን አድርቄ ሳየው አንተ አምስት ጊዜ ደውለሃል። በወር አንዴ የምትደውል ሰው አምስት ጊዜ! ከዚያ መልእክቶችህን አየሁ። መጀመሪያ «የት ናችሁ?» ብለሃል። ቀጥሎ «አባባ ምን ሆኑ? መኪናዋ ወዴት ነው የምትሄደው?» ብለሃል። ሦስተኛው ይኸው እስከ አሁን ስልኬ ላይ አለ፤ አላጠፋውም። «ወይንሸት መልሺልኝ። ይሄ የአባባ አነዳድ አይደለም» ይላል።

እየሮጥኩ ወጣሁ። መኪናዋ የቆመችበት ቦታ ባዶ ነው። ጋሽ ፊሊጶስን «መኪናዋስ?» ብላቸው «ድንኳኑን ሊያደርስ ይዟት ሄደ» አሉኝ። ማን ስላቸው «ያ ልጅ ነዋ» አሉ። የማን ልጅ ስላቸው ወደ ሟች ቤተሰብ ጠቆሙ፤ የሟች ቤተሰብ ወደ እኛ ጠቆመ። ከዚያ ሁሉም እርስ በርሱ ተያየና ጩኸቱ ቀለጠ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ያን ጊዜ ነው። ሴቱ «ነጠላው ገና አዲስ ነበር፣ ጠርጥሬ ነበር» ይላል፤ ወንዱ «ዐይኑ አላማረኝም ነበር» ይላል። ካላማረህ ለምን አልተናገርክም!

አባባ አልጮኹም። አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉና እጃቸውን እያዩ «የልጄን ላብ በገዛ እጄ አስረከብኩት» አሉ። ደግመው ደጋግመው ይህንኑ። ቀለማቸው ጠፍቶ ደነገጥኩ። ከዚያ ቀና ብለው «እንዳትነግሪው፤ እኔ እንዳጠፋኋት እንዳይሰማ» አሉኝ። አስቀድሞ ያወቀው እሱ ነው ስላቸው አላመኑኝም፤ ማን ነገረው አሉ። ስልኬን አውጥቼ ሦስተኛውን መልእክት አነበብኩላቸው። «ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። «ከአነዳዱ ነው ያወቀው?» አሉ። አዎ አልኳቸው። ለሦስተኛ ጊዜ አስነበቡኝና ተነሥተው ባርኔጣቸውን አደረጉ።

ባጃጅ ይዘን እኔ፣ አባባና ጋሽ ፊሊጶስ ኖህ ሱቅ ደረስን። ኖህ ኮምፒውተሩን ሲከፍት ነጥቧ ኢተያን አልፋ ወደ ኦጎልቾ የሚወርደውን መንገድ ይዛለች። ፍጥነቷ ዘጠና አምስት ይላል። የእኛ አባዱላ፣ አባባ ከሃምሳ አሳልፈዋት የማያውቁት! ኖህ «አሁን አጠፋዋለሁ» ብሎ እጁን ሲዘረጋ አባባ እጁን ያዙት። ቁልቁለት ነው አሉ፤ በዚህ ፍጥነት ሞተር ሲጠፋበት መሪውም ፍሬኑም ይከብደዋል፤ መንገዱ ላይ ገበያተኛ አለ፤ ሜዳው ላይ እስኪደርስ ጠብቅ አሉት። ጋሽ ፊሊጶስ በንዴት «አንተ ሰውዬ፣ ለሌባ ታዝናለህ እንዴ? የእድሩ ድንኳን እኮ ነው የሄደው!» ብለው ጮኹ። አባባም «እሱም የሰው ልጅ ነው ፊሊጶስ። ልጅ ገድዬ ድስት አላስመልስም» አሉ። ኖህ ለኦጎልቾ ፖሊስ ደውሎ ታርጋዋን ነገረና ሁላችንም ነጥቧ ላይ አፍጠን ቁጭ አልን።

ዘሪዬ፣ ከዚህ በታች ያለውን ቀስ ብለህ አንብበው። እንዲያ ቁጭ ብለን ስንጠብቅ ኖህ፣ እንደዋዛ፣ «መቼም ዘሪሁንም ይህን ጊዜ እያየ ነው፤ እሱ ሳይከፍተው ውሎ አያውቅም» አለ። አባባ ምን ማለትህ ነው አሉት። ኖህም ማን መቼ እንደከፈተው የሚመዘገብበትን ገጽ አወጣላቸው። ከዶሃ በየቀኑ ተከፍቷል። ጠዋት ሥራ ሳትገባ፣ በምሳ ሰዓት፣ ከሥራ ስትወጣ። ከተገጠመ ወዲህ አንድ ቀን አላጎደልክም። እኔ እህትህ አላውቅም ነበር! አባባ መነጽራቸውን አውጥተው ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጉና «የዓምናውን የኅዳር አሥራ አራት አሳየኝ» አሉት።

ያ ቀን የእማማ ሁለተኛ ሙት ዓመት ነው። መኪናዋ ከንጋት እስከ ቀትር ገብርኤል ደጅ፣ ከመቃብሯ ትይዩ ቆማ ነበር። ኖህ ወደ ታች እየሳበ ቆጠረላቸው። አሥራ አንድ ጊዜ ከፍተኸዋል። አባባ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እኔ እኮ የሚቆጣጠረኝ መስሎኝ ነበር» አሉና ፊታቸውን በባርኔጣቸው ሸፍነው አለቀሱ። አባታችን ሲያለቅሱ ያየሁት በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ እማማ የሄደች ዕለት ነው፣ ሁለተኛው ይኸው። እኔም አለቀስኩ፤ ጋሽ ፊሊጶስም ፊታቸውን ወደ ጎሚስታው አዙረው ንፍጣቸውን ጠረጉ። ከዚያ አባባ በድንገት ቀና ብለው ኖህን «ጠጅ ቤቱን ግን አያሳይም አይደል?» አሉት። እንባችን ሳይደርቅ ሳቅን።

ነጥቧ ኦጎልቾን አልፋ ሜዳ ስትገባ ፍጥነቷ ቀነሰ፤ ከዚያ ቆመች። የከብት መንጋ መንገዱን እየተሻገረ ነበር አሉ። አባባ «አሁን» አሉ። ኖህ ነካው። ነጥቧ ከዚያ ወዲያ አልተንቀሳቀሰችም።

በኮንትራት መኪና ስንደርስ ያየነውንና የሰማነውን ብነግርህ ትስቃለህ። መኪናዋ የቆመችው አብዶ የሚባል ገበሬ የሽንኩርት ማሳ ዳር ነው። ሌባው ነጠላውን እንዳዘቀዘቀ ወርዶ «ለቅሶ ላይ ነኝ፣ ድንኳን ላደርስ ነው፣ ሞተሩ እንቢ አለኝ» ይለዋል። አብዶም አንጀቱ ተላውሶ ጎረቤቶቹን ጠርቶ ሲገፉለት ላባቸው ጠብ እስኪል ቆዩ! ፖሊሶቹ የደረሱት በሦስተኛው ግፊያ ላይ ነው። ሌባው በማሳው ሊሮጥ ሲል ገና ውሃ የጠጣ መሬት ነበርና እስከ ጉልበቱ ሰምጦ ቀረ። አብዶ ለአባባ በኦሮምኛ «ኦቦ፣ እኔ ለሐዘንተኛ ነበር የገፋሁት» እያለ ሲምል፣ አባባም በኦሮምኛ «አይዞህ፣ እኔ ማርሹን አስተምሬዋለሁ፤ አንተ ብትገፋለት ምን ይገርማል?» አሉት። ሁለቱ ወዳጆች ሆነው አረፉት። ከረጢት ሙሉ ሽንኩርት አሸክሞን መጣን።

ሌባውን ፖሊሶቹ ሲወስዱት አባባ ጠጋ ብለው «አንተ ሰው፣ በማን ሞት ነበር እንዲያ ያለቀስከው?» አሉት። ማንም አልሞተብኝም አለ፣ መሬት መሬት እያየ። እናትህስ ሲሉት በሕይወት አለች አለ። አባባም ወደ ፖሊሱ ዞረው «እባካችሁ ከመምሸቱ በፊት ለእናቱ አስደውሉት። ልጇ የት እንዳለ የማታውቅ እናት አትተኛም» አሉ። እኔ በበኩሌ ንፍሮዬን እንዲመልስልኝ ነበር የምፈልገው።

ኖህ ሞተሯን መልሶ ከፈተልን። ስንመለስ አባባ ማንንም አላስነዱም፤ ራሳቸው ነዱ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። በሃምሳ። ኢተያ ሳንደርስ ባጃጅ አለፈን። መንገዱን ሙሉ በየአሥር ደቂቃው «አሁን ያያል?» ይሉኛል፤ ያያል እላቸዋለሁ። በመጨረሻ ምን አደረጉ መሰለህ? በአንድ እጃቸው ኮሌታቸውን አስተካክለው፣ ባርኔጣቸውን አቅንተው፣ ፎቶ ሊነሣ እንደተቀመጠ ሰው ቀጥ ብለው ነዱ። አባባ፣ ነጥቧ ብቻ ናት የምትታየው ብላቸው «ይሁን» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነገራቸው ሁሉ ተለውጧል። የእድሩ ስብሰባ ተጠርቶ የለቅሶ ቀን ቁልፍ በጋሽ ፊሊጶስ አንገት እንዲንጠለጠል ተወሰነ፤ እሳቸውም እንደ ቄስ መስቀል ይዘውት ይዞራሉ። ሰባት ባለ መኪኖች ኖህ ዘንድ ሄደው ጂፒኤስ አስገጥመዋል። አባባ ደግሞ የአባዱላዋ የኋላ መስታወት ላይ በቀይ ቀለም በትልቁ «ልጄ ያያል» ብለው አስጽፈዋል። ባለፈው ሳምንት መናኸሪያ ውስጥ አንድ ሰው በሯን ሲነካካ ይህን አንብቦ እንደሸሸ ይምላሉ። እኔ አላመንኳቸውም፤ ግን አልተከራከርኳቸውም።

አንተስ፣ አስተውለህ እንደሆነ፣ ነጥቧ ሰሞኑን ያለ ሥራዋ ስትዞር አላየሃትም? አንድ ቀን ስልኬ ላይ ብከፍተው አባባ የተማርክበት ትምህርት ቤት በር ላይ ሃያ ደቂቃ ቆመዋል። በማግስቱ ኳስ ስትጫወት እግርህን የተሰበርክበት ሜዳ ዳር። እሑድ ሁሩታ፣ አክስታችን ቤት፣ ያውም ሳይወርዱ። ምን እያደረጉ ነው ብላቸው መጀመሪያ ናፍጣ ልቀዳ ነው፣ ጎማ ላስነፋ ነው አሉኝ። አላስቀምጣቸው ስል «እንዲያይ ነው። አገሩን እንዲያይ ብዬ ነው» አሉኝ። ጠጅ ቤትም ሲሄዱ አሁን ደጁ ላይ ነው የሚያቆሙት። «ያየኛል፤ ይየኝ» ይላሉ።

እንግዲህ ወንድሜ፣ እናንተ ሁለት ግትሮች ዓመት ሙሉ በአንዲት ቀይ ነጥብ ስትነጋገሩ ኖራችኋል። አንተ ትጠብቃቸው ነበር፤ እሳቸው ሳያውቁ ተቀየሙህ። አሁን እሳቸው ያሳዩሃል፤ አንተ ለምን እንደሆነ አታውቅም። እኔ ነገርኩህ፤ ድርሻዬን ተወጣሁ። ኅዳር አሥራ አራት ዘንድሮ እሑድ ይውላል። አባባ መኪናዋን ከቅዳሴ በፊት እማማ መቃብር ትይዩ ሊያቆሟት ነው። «ያን ቃል የተናገርኩት እዚያ ነው፤ እዚያው ቆሜ እጠብቀዋለሁ» ብለውኛል። ስልካቸው ከደረት ኪሳቸው አይወጣም፤ ድምፁንም ማሂ እስከ መጨረሻ ከፍታላቸዋለች። አሥራ አንድ ጊዜ መክፈት ይቅርብህ፤ አንድ ጊዜ ደውል።

ባለቤቴ ትንሳኤ «ወገብህን በሞቀ ውሃ ያዘው፣ መድኃኒት እንደ ከረሜላ አትቃም» ይልሃል፤ የነርስ ምክር ነውና ስማው። ማሂ ጉንጭህን ግራና ቀኝ ትስምሃለች። ጋሽ ፊሊጶስ ቁልፉን እንዳንጠለጠሉ ሰላም ብለውሃል፤ ሌባውን የመረቁትን ነገር ግን ለማንም እንዳታወራባቸው። ኖህ አክብሮቱን ልኮልሃል። የጋሽ ግዛቸው ልጆች ስላስተዛዘንካቸው አመስግነውሃል። አክስታችን ከሁሩታ «ሳልሞት ይምጣ» ትልሃለች፤ እንደ ልማዷ ነው፣ አትደንግጥ። እኔም ናፍቄሃለሁ፤ የኔ ጌታ፣ ራስህን ጠብቅልኝ። ከታች ባዶ ቦታ የተውኩት አባባ ለእኔ ተይልኝ ብለው ነው፤ ምን እንደሚጽፉ አላውቅም።

የምትወድህ እህትህ
ወይንሸት ገብረ መድህን
አሰላ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ዘሪሁን። እናትህ የተቀበረች ዕለት የተናገርኩህን ይቅር በለኝ። አነዳዴን ስላወቅክልኝ አመሰግናለሁ። ሁለተኛ ማርሿን አላሠራኋትም፤ ወደ ራስህ ሳብ አድርገህ ወደ ታች ነው። መጥተህ ስትነዳት ታየዋለህ። አባትህ ገብረ መድህን።